መሃሉ ያልተገኘ መስመር

ድንጋዩ ሁለት የእንጨት ማስደገፊያ ላይ ተጋድሟል። ተልጓል፣ ተወልውሏል፣ ፊቱ ላይ ግን አንድም ፊደል የለም። ጠዋት ስገባ አየዋለሁ። የሌላ ሰው ሥራ ይዤ ስቀመጥም ዓይኔ ወደ እሱ ይሄድብኛል። የአባዬ የመቃብር ድንጋይ ነው። አባዬ ግን አልሞተም፤ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፣ ያስላል፣ የመዶሻዬን ድምፅ እያዳመጠ፣ «ቀለል አድርገው፣ ምስማር አይደለም የምትመታው» ይለኛል።

ድንጋዩን የመረጠው ራሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲቀርጽ ስለኖረ የእሱን ሌላ ሰው እንዲመርጥለት አልፈለገም። «ከሞትኩ በኋላ ስህተት ቢገኝበት ማን ያርመዋል?» አለ። እናቴም፣ «አንተ እኮ ከጉድጓዱም ወጥተህ ታርማለህ» አለችው። ሐኪሙ ሳንባው በድንጋይ ብናኝ እንደተጎዳ ከነገረው ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ሞት የሚወራው እንደ አንድ የሥራ ትእዛዝ ነው፤ ስፋቱ ይህን ያህል፣ የፊደሉ ጥልቀት ይህን ያህል እየተባለ።

በእኛ ሥራ መስመር የሚጀመረው ከመሃል ነው። ፊደሎቹና ክፍተቶቹ ይቆጠራሉ፣ ክር ለሁለት ታጥፎ የድንጋዩ መሃል ይገኛል፣ ከዚያ ጽሑፉ ከመሃሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጠመኔ ይነደፋል። የሚጻፈው ነገር እስከ መጨረሻው ቃል ካልታወቀ መሮ አይነሳም። አባዬ ስሙን ነገረኝ። የተወለደበትን ዓመት ነገረኝ። ለሚሞትበት ዓመት ቦታ እንድተው ነገረኝ። «ልጆቹ» ከሚለው ቃል በታች የሚገባውን መስመር ግን ሳይነግረኝ ቀረ። እኔም አልጠየቅሁትም።

አባዬ አልወለደኝም። የወለደኝ አባት ከእሱ ጋር አንድ የድንጋይ ካባ ላይ ይፈነቅል የነበረ ሰው ነው። እኔ ገና መዳህ ሳልጀምር አንድ ቋጥኝ ተንሸራቶ ገደለው። እዚያው ከካባው ጀርባ ተቀበረ፤ ካባው እየሰፋ ሲሄድ አፈር ተደፋበትና ዛሬ ቦታው እዚህ ነው ብሎ የሚያሳይ ሰው የለም። ስሙ የቀረው ከእኔ ስም ቀጥሎ ብቻ ነው። ከጊዜ በኋላ አባዬ እናቴን አገባ፣ እህቴም ተወለደች። እኔ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ወደ ዎርክሾፑ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ አባዬ ነው። አንድ ፊደል ከሳትኩ ሙሉውን መስመር አስጠፍቶ እንደገና ያስነድፈኝ ነበር።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ደንበኛ ሲመጣ የምታነጋግረው እህቴ ናት። በስተግራ ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ የመኪናዋን ድምፅ አቁማ ብቅ ትልና፣ «ወንድሜን አትጠብቁት፣ እሱ የሚናገረው በመሮ ነው» ትላቸዋለች።

አባዬ ዓይኑ ስለደከመ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ አነብለታለሁ። የሚያስነብበኝ ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈውን ነው፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ እያለ የሚወርደውን የብሉይ ኪዳን የትውልድ ቆጠራ። ስሞቹ ምላሴን ያስሩታል። ከዚህ በፊት እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ የተኛ እየመሰለኝ አንድ ሁለት ስም ልዘል ስሞክር፣ «ተመለስ፣ ሰው ጥለህ መጣህ» ይለኝ ነበር። ያኔ እስቅ ነበር። ድንጋዩ ከገባ ወዲህ ግን «ወለደ» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል። ቃሉ በየመስመሩ አለ። ማምለጫ የለውም።

አንድ ቀን እያነበብኩ ሳለ ሹፌሩ መጣ። ሹፌሩ የምንለው የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ በጭነት መኪና አገር ላገር ሲዞር ኖሮ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በድንጋዩ ዙሪያ ልክ የመኪና ጎማ እንደሚፈትሽ ሰው ዞረና ጫፉን በእግሩ መታ አደረገው።

«ከስሙ በላይ አባቶቻችንን ደርድርልኝ» አለኝ። «አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ። እኔ በቃሌ እነግርሃለሁ። ወንድሜ ከሰማይ ዱብ አላለም።»

«ድንጋዩ ይበቃቸዋል?» አለች እናቴ ከውስጥ። «ወይስ የጎረቤቱን መቃብር እንከራይላቸው?»

«አንቺ ደግሞ በሰው ዘር ቆጠራ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«እውነትህን ነው። እኔ ምን አገባኝ፣ የወለድኩ ብቻ ነኝ።»

ሹፌሩ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከታች ደግሞ ልጁን ታደርጋለህ። ያው አንድ ናት» አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም። የከበደኝም ይኸው ነው። ከጉዞ ሲመለስ ለእኔና ለእህቴ ከረሜላ እኩል እያካፈለ ያሳደገን ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን እንዴት ባረፍኩ ነበር። አባዬን አየሁት። እሱ ሳሉ ጀምሮት ደረቱን ይዞ አጎንብሷል። ቀና ሲል፣ «ነገ እንነጋገራለን» ብቻ አለ። በማግስቱም ያስለው ነበር፤ አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ጠመኔውን አነሳና የመጨረሻውን መስመር በሁለት ስም እነድፈዋለሁ፤ የእህቴ ስም፣ ክፍተት፣ የእኔ ስም። ቆሜ አየዋለሁ። ሰው እንዳያየኝ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከዚያ በአንድ ስም እነድፈዋለሁ። እሱንም እጠርገዋለሁ። እህቴ በበሩ እያለፈች፣ «ድንጋዩን ልትቀርጸው ነው ወይስ ልታጥበው?» አለችኝ። ምሳ ቀርቦ አንድ ጉርሻ ወስጄ ስነሳ እናቴ በዓይኗ ትከተለኛለች። አባዬን ልጠይቀው እሄዳለሁ፤ አጠገቡ ስደርስ፣ «ውሃ ላምጣልህ?» እላለሁ። የዚያን ሰሞን ውሃ እንደጠጣ ጠጥቶ አያውቅም።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት እህቴን ብቻ ነደፍኳትና ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ሹፌሩ ያለው ይሁን አልኩ። አንድ ስም ብቻዋን ስትሆን ድንጋዩ መሃል ላይ መግባት ነበረባት፤ ይህን ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ስሟን ወደ መሃል መሳብ አልቻልኩም። በሁለት ስም ስነድፍ የነበረችበት ቦታ፣ ወደ ግራ እንዳለች ተውኳት።

ያን ቀን ሹፌሩም ነበረ፤ ከአባዬ ጋር ሻይ ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። አባዬ ግድግዳውን እየተደገፈ ተነስቶ ወደ ድንጋዩ መጣ። ዓይኑን አላመነም፤ ክሩን ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት አጠፈው። ጫፉን ከድንጋዩ ጠርዝ አስነክቶ እጥፋቱ ያረፈበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ያረፈው ከእህቴ ስም የመጨረሻ ፊደል አለፍ ብሎ ባዶው ላይ ነው።

«ይህ መስመር ጎድሏል» አለ።

እርጥቡን ጨርቅ አነሳሁ።

«አንድ ስም ነው ብሎ ማን ነገረህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሹፌሩ። «ልጁን አትቆጣው። ያልኩትም እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ስታስነብበው የምትውለው ምን ይላል? ወለደ ነው የሚለው። አሳደገ የሚል የት ጋ አለ?»

«ትንሽ ዝም በል እስኪ።»

«አልልም። ለእሱው ብዬ ነው።» ሹፌሩ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ይህ ልጅ አባት አለው። ሩት ከቦዔዝ ልጅ የወለደችው ለምንድን ነው? የሞተው ባሏ ስም ከአገሩ እንዳይጠፋ አይደለም? ቦዔዝ ራሱ በሽማግሌዎች ፊት የተናገረው ነው። ያ ካባ ላይ የቀረው ምስኪን ከዚህ ልጅ ሌላ ምን አለው? መቃብር እንኳን የለውም። አንተ ልጁን ወስደህ ከስርህ ብትጽፈው ሰውየውን ሁለተኛ መቅበር ነው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማስበው መጻፍ አለመጻፌን ብቻ ነበር። ብጻፍ የሚጠፋ ሌላ ሰው እንዳለ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ማስደገፊያውን ያዝኩ።

አባዬ እስኪተነፍስ ጠበቅነው። «መጨረሻ ላይ ሲቆጠርስ ልጁ የማን ተባለ?» አለ።

«የቦዔዝ።»

«እንግዲያውስ።»

«እንግዲያውስ የሟቹ ስም ጠፋ ማለት ነዋ!»

«አልጠፋም። ባይኖር አንተ በምን አወቅኸው? ቆጠራው ላይ ባይኖር ታሪኩ ላይ አለ።»

«ድንጋይ ላይ ታሪክ አይጻፍም» አለ ሹፌሩ ዝግ ብሎ። «ድንጋይ የሚችለው ቆጠራ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።»

አባዬ ክሩን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። የእህቴ የስፌት መኪና ድምፅ ቆሟል፤ በሩ ላይ ከእናቴ ጋር ቆመዋል።

«ቆይ፣ ይኸው አጠገባችሁ ቆሞ የለ እንዴ?» አለች እናቴ። «ጠይቁታ። አፍ የለውም?»

«አፍማ አለው» አለች እህቴ፣ «ለክፉ ቀን አስቀምጦት ነው።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ይጻፍ?» አለኝ። ስለዚያ ድንጋይ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው፤ እስከዚያ ሁሉን ያዘኝ ነበር እንጂ አይጠይቀኝም።

የምመኘው ነገር ሌላ እንደነበረ አውቃለሁ፤ እንደ እህቴ በአባዬ ስር ስሜ ብቻውን እንዲሆን፣ የሚያነብ ሰው ሁሉ ልጁ ነው ብሎ እንዲያልፍ። አሁን ያ ምኞት አንድ ሰው ላይ አፈር መድፋት መሰለኝ።

«ስሜን ልጻፈው» አልኩ። «ከአንተ ስር። ግን... ከነአባቴ ስም።»

አባዬን ያስቀየምኩት መሰለኝና ወለሉን አየሁ። የእኔን እጅ ይዞ መሮ ያስያዘኝን ሰው፣ በራሱ መቃብር ላይ የሌላ ሰው ስም ይግባ አልኩት።

«ሙሉውን?» አለ።

«ሙሉውን።»

አባዬ ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደ። «እሱ ካባ ውስጥ እንኳን ጠባብ ቦታ አይወድም ነበር» አለ። «ፊደሉን እንዳታጨናንቅበት።» ከዚያ በክሩ ለካና፣ «በአንድ መስመር አይገባም። ሁለት አድርገው። ሁለቱንም እኩል፣ የእሷንም የአንተንም» አለኝ።

«ሁለት መስመር ከታች ከገባ የአያቶቻችን ቦታስ?» አለ ሹፌሩ።

«ይቀራሉ።»

«ሰባቱም?»

«ዕዝራ ራሱን እስከ አሮን ድረስ ሲቆጥር ስንቱን አባት ዘሎ ነው የሄደው? ዜና መዋዕል ላይ የተቆጠሩትን እሱ ጋ አታገኛቸውም። አፍሮባቸው ይመስልሃል? ካህን መሆኑ እንዲታወቅለት ፈለገ፤ ለዚያ የሚበቃውን ቆጠረ። የሚቆጥር ሰው ሁሉ የሚቆጥርበት ጉዳይ አለው።» ሳሉ አቋረጠው። «እኔ ከማን እንደመጣሁ አውቃለሁ። እነዚህ የማን እንደሆኑ ነው የምፈልገው።»

ሹፌሩ ቆሞ ኮቱን መቆለፍ ጀመረ። አንዱን ቁልፍ ዘሎ ስለቆለፈ ኮቱ ተጣመመበት።

«አንተ ከስርህ የምትጽፈው አለህ» አለ። «እኔ ያለኝ ከላይ ያለው ነው።»

ልጅ የለውም። ሁላችንም እናውቃለን፤ ድንጋዩን በዚያ በኩል ያየው ሰው ግን አልነበረም። እናቴ፣ «ሻይህን ጨርስ እንጂ» አለችው። አልጨረሰም።

ከሄደ በኋላም ቤቱ አልተረጋጋም። አባዬ እንዳልረታ ሰው ተቀምጦ ክሩን ይጠመጥማል። እኔ የጠየቅሁትን አግኝቼ ደስታው የት እንደሄደ አላውቅም። ነደፍኩት፤ ሁለቱ መስመሮች መሃላቸውን አገኙ። አባዬ በክሩ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «ምታ» አለ።

የአባዬን ስም ቆረጥኩ፣ ዓመቱን ቆረጥኩ፣ እህቴን ቆረጥኳት። እሷ የስሟ መጀመሪያ ፊደል ወፍሯል ብላ ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። የራሴን ስም ጨርሼ የአባቴ ስም መጀመሪያ ላይ መሮውን ስደግን በሩ ጨለመ። ሹፌሩ ነው። ሰላም አላለኝም። አባዬ ያን ቀን ደክሞት ውስጥ ተኝቶ ስለነበር ወንበሩ ባዶ ነበር፤ እዚያ ተቀመጠ።

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ የአባቱን ስም ጠራ። ቀጥሎ የአያቱን። ለእኔ የሚነግረኝ መስሎኝ መዶሻዬን አውርጄ ተነሳሁ።

«አታቁም» አለኝ። «ሥራህን ሥራ።»

መታሁ። እሱም ቀጠለ፤ አንዱ የአንዱ ልጅ፣ ያ ደግሞ የዚያ ልጅ እያለ፣ እኔ በማነብበት ዓይነት ሳይሆን ረጅም መንገድ ላይ ከተማዎቹን እንደሚቆጥር ሰው። ይርገመኝ ይመርቀኝ አላወቅሁም። ከውስጥ የአባዬ ሳል ቆሟል፤ የሚያዳምጥ ይመስለኛል። የእኔ መዶሻ ከእሱ ድምፅ ጋር እንዳይጋጭ ቀለል አደረግሁት። ሰባተኛው ጋ ሲደርስ ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና ከአባቱ ጀምሮ እንደገና መጥራት ጀመረ፤ እኔም ወደሚቀጥለው ፊደል አለፍኩ።