ከይቅርታው በታች ያለችው መስመር

ባሏ ፊልሞን በሞተ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ሮሆቦት መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ለአብሮ አደጉ ለጠበቃ ሰኢድ አሟሟቱን ታስረዳ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ድምጿ የሌላ ሰው ናሙና ውጤት የምታነብ ያስመስላት ነበር።

«ኤሌክትሪክ ሥራ ሲኖር ተቋራጩ ሙሉቀን በስልክ ይጠራዋል፣ ይሄዳል። ውል የላቸውም። የዚያን ቀን መሃል ከተማ በሚሠራው ሕንፃ ላይ ፊልሞን ብሬከሩን አጥፍቶ ሦስተኛ ፎቅ ሽቦ ያገናኝ ነበር። ሙሉቀን የሲሚንቶ ማደባለቂያው እንዲነሳለት ፈለገ። ፊልሞን የወረደ መስሎት መብራቱን አስለቀቀ። ወጥቶ አላየም።»

ሰኢድ በቀጥታ ወደ ሥራው ገባ። «ሁለት ነገር አለ፣ አትደባልቂያቸው። ወንጀሉ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ አንቺ ይቅር ብትይም አይቆምም፣ ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል እንጂ። ካሳው ግን የአንቺ፣ የልጅሽ የሶሊያናና የእናቱ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ክስ ማቅረብ አለባችሁ። ‹ታርቀናል፣ አንጠይቅም› ብላችሁ ከፈረማችሁ ግን ፍርድ ቤት ያንኑ ወረቀት ያወጡባችኋል።»

«በአፌ ብያለሁ።»

«ምን ብለሻል?»

«ይቅር ብያለሁ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ምእመናኑ ሁሉ እየሰሙ።»

«የፈረምሽው አለ?»

«ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚያመጡት።» እጆቿን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። «ይቅር ብዬ መልሼ ብከስ ቃሌን መብላት አይሆንም?»

«እሱን እንኳ ፓስተርሽን ጠይቂ። እኔ ሙስሊም ነኝ።»

ፊልሞን ቢኖር በዚህ ይስቅ እንደነበር አሰበች። ሐሳቡ መጣ፣ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። መሃል የተቀመጡት ጋሽ ኩማ ናቸው፤ የአጥቢያዋ ሽማግሌ፣ እሷንና ፊልሞንን የዳሩ። ተቋራጩ ሙሉቀን ገና ከበር እንደገባ በፊልሞን እናት በአስካለ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ተነስ፣ ወንበር አለ» አሉት አስካለ። «ጉልበትህ ቢላጥ ልጄ አይነሳ።»

ጋሽ ኩማ ከኮታቸው ኪስ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አወጡ። «በደሉን በአፉ ሳይናገር የሚታረቅ የለም። ከሁላችን ፊት ተናግሯል፣ እንደተናገረውም ተጽፏል። አንብቢና ፈርሚ፣ ልጄ።»

ሮሆቦት አነበበች። የመጀመሪያው፣ «መብራቱን ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ፊልሞን መውረዱን አላረጋገጥሁም» ይላል። ሁለተኛው፣ «እኛ ቤተሰቦቹ ይቅር ብለነዋል» ይላል። ከሱ በታች አንዲት መስመር አለች፦ «ከእንግዲህ በካሳም ሆነ በሌላ ማንኛውም ጉዳይ በፍርድ ቤት አንጠይቅም።» ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ፊደሎቹ አልተንቀሳቀሱም፣ እሷም አልተንቀሳቀሰችም።

«ጋሽ ኩማ፣ ይቺን የመጨረሻዋን እርስዎ ነዎት ያስጻፏት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። «እኔ ያልኩት እስከ ይቅርታው ነው። ወረቀቱን ጸሐፊ ቤት የወሰደው እሱ ነው።» ወደ ሙሉቀን ዞሩ። «ይቺ ከየት መጣች?»

«የተለመደ አጻጻፍ ነው፣ ጋሼ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስጽፈው።»

«እኔ ስንቱን ሳስታርቅ ኖሬ ሳልለምደው ቀረሁ?»

ሮሆቦት እስክሪብቶ አነሳች። በላቦራቶሪ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ አይደለዝም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ቀኑ ይጻፋል፣ የሰረዘው ይፈርምበታል። ልክ እንደዚያ አደረገች። ከዚያ ከታች ስሟን ጽፋ ይቅርታው ላይ ፈረመች፣ ወረቀቱንም ለሙሉቀን ገፋችለት።

«የተሰረዘው ጎን አንተም ፈርም።»

ሙሉቀን ወረቀቱን ቁልቁል ሲያይ ቆየ። የታችኛዋ መስመር ስትወጣ የቀረው በራሱ ላይ የሚመሰክር የገዛ ቃሉ መሆኑ ገባው። «እንዲህ ከሆነማ ይቅር፣ ወረቀቱ ይመለስልኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

የጋሽ ኩማ መዳፍ ቀድሞ ወረቀቱ ላይ አረፈ። «ይቅርታውን አልፈልግም ነው የምትለው?»

«ይቅርታውንማ እፈልጋለሁ፣ ጋሼ።»

«እሱን ያገኘኸው በደልህን ስለተናገርክ ነው። ወረቀቱን ልውሰድ ካልክ ውሰድ። የሰማንበትን ጆሯችንን የት ልትወስደው ነው?»

በመንገዱ ባጃጅ አለፈ። ሙሉቀን ፊቱን በእጁ ጠረገ። ይቅር ሳይባል ቢወጣ፣ በዚህ ከተማ ነገ ማን አብሮት እንደሚሠራ አያውቅም። እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። አስካለም በተራቸው ፈረሙ።

«ጋሽ ኩማ» አለች ሮሆቦት፣ «ብከስ ቃሌን በላሁ?»

«አንቺ ይቅር ያልሽው ሰውየውን ነው። የልጅቷን ድርሻ ይቅር በይ ያለሽ የለም።» ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩ። «ልብሽስ? ይቅር ብሏል?»

«አላውቅም። ምንም አይሰማኝም። የፈረምኩት ግን የሆነውን ነገር ነው።»

ሽማግሌው አላጽናኗትም። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «ስልኬን ለጠበቃሽ ስጪው። ምስክር ከፈለገ እመጣለሁ፣ ቀጠሮው እሁድ ካልሆነ።»

«ፍርድ ቤት እሁድ ዝግ ነው፣ አንተ ሰውዬ» አሉ አስካለ።

«እንግዲያው የጠሩኝ ቀን ሁሉ እመጣለሁ።»