በግራ ከንፈር የወጣ ምች

ብርሃነሽ በባሏ ትቀናለች፤ ያውም እንዲህ በዋዛ እንዳይመስላችሁ። ኪሩቤል የስፖርት መምህር ነው። ሜዳ ላይ አብሮት የሚሮጠው ጥላው ሴት ቢሆን ኖሮ እሱንም ሳትጠረጥር አትቀርም ነበር።

ሰኞ ዕለት ኪሩቤልን ምች መታው። ከንፈሩ በግራ በኩል ቀላና ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ቁስሎች አወጣ። ብርሃነሽ ከግቢዋ ዳማከሴ ቀንጥሳ በመዳፏ አሸችና ጭማቂውን ቀባችው። «ፀሐይ ላይ አትገተር ስልህ!» ብላ ተቆጣች እንጂ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ሐሙስ ግን ልጇን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ እናቶቹን ሰብስባ፣ «ምች የምትሉት ፀሐይ ይቀስቅሰው እንጂ በሽታው ቫይረስ ነው፤ በመሳሳም ይተላለፋል» አለቻቸው። ብርሃነሽ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። በመሳሳም!

ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ የሚገዛው ኪሩቤል ነበር። የዚያን ቅዳሜ ግን ፈተና ሊፈትን ስለሄደ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ የወረደችው እሷ ናት። ደንበኛቸው ሩዋይዳ ዓሣ ከምትበልትበት ቀና ስትል ብርሃነሽ ክው አለች። የሩዋይዳ ከንፈር ምች አውጥቷል። ያውም በግራ በኩል!

«እህቴ፣ ግቢሽ ዳማከሴ አለ አሉ። እስቲ ትንሽ ላኪልኝ» አለቻት ሩዋይዳ።

«ማን ነገረሽ?»

«ኪሩቤል ነዋ!»

«ደርቋል» አለች ብርሃነሽ፤ የተመዘነላትን ዓሣ እዚያው ጥላ ሄደች። ቅናቱ አንገበገባት። ቤቷ እንደገባች ዳማከሴውን ከነሥሩ ነቅላ አጥሩ ሥር ወረወረችው።

ኪሩቤል ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ሩዋይዳን ስመሃታል! ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ!» ብላ ጮኸችበት። የነርሷንም የገበያውንም ነገር እያለቀሰች ዘረገፈችለት።

ኪሩቤል አልተቆጣም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርጋቸውን ፎቶ አውርዶ ሰጣት። ፎቶው ላይ ሙሽራዋ ብርሃነሽ እቅፍ አበባውን አፏ ላይ ለጥፋዋለች።

«አበባውን እዚያ ምን ወሰደው?» አላት።

ብርሃነሽ ፎቶውን ገልብጣ ያዘችው። የሠርጓ ዕለት ጠዋት ምች ከንፈሯን አሳብጦት ሊፕስቲክ እንኳ አልሸፍነው ብሎ ነበር።

«እስከ ሠላሳ ዓመቴ ምች የሚባል አላውቅም። ከሠርጋችን ወዲህ ግን በዓመት በዓመት ይመላለስብኛል። ታዲያ ማን ሳመኝ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!» አላት ኪሩቤል።

አመዷ ቡን አለ። እንደዚያም ሆኖ አላስቻላትም፤ «ሩዋይዳስ?» አለች።

«እሷም ባል አላት፣ እሱን ጠይቂው።»

ብርሃነሽ አንገቷን ደፍታ ወደ አጥሩ ሄደች። ከተነቀለው ዳማከሴ ያልጠወለገውን መርጣ መጣችና የባሏን ከንፈር ቀስ አድርጋ ቀባችው። የተረፈውን ቅጠል በፌስታል ቋጠረች።

«ለሩዋይዳ ነው? አምጪው፣ ላድርስላት» አለ ኪሩቤል።

«ቁጭ በል!» አለችው ነጠላዋን እየሳበች። «እኔው አደርስላታለሁ።»