በወጪ ደብዳቤ የሞተው ኤሊ

የኤሊው ተንከባካቢ በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ የመዝገብ ቤቱን በር ሲያንኳኳ፣ ኃላፊዋ ከፋይሏ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ዛሬም እሱ ነው?» አለችው።

«እሱ ነው እንጂ ሌላ ማን አለኝ? ስድስት ቀኑ እኮ ነው፤ እህል አልቀመሰም። አፉ አብጧል። ሐኪሙ ደግሞ ካርድ ካልወጣለት አልነካውም ይለኛል።»

ካርድ አይወጣም። ሻምበል የሚባለው ይህ ኤሊ በአራዊት ማኅበሩ መዝገብ መሠረት ከሞተ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በቁጥርና በማኅተም ሞቷል። በየቀኑ የተማሪ መዓት አጥሩን ተደግፎ ያየዋል፤ ተንከባካቢው ለሌሎቹ ከተመደበው ጎመን እየቆነጠረ ያበላዋል፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ፀሐይ ይሞቃል። ማኅበሩ ግን አያውቀውም። እንዲህ ያለ ጨጓራ የሚልጥ መሥሪያ ቤት የት ይገኛል?

ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። «እኔ ምን ላድርግ?» ነው የሚለው። «መድኃኒት ሳወጣ የእንስሳውን ቁጥር እጠየቃለሁ። የሱ ቁጥር ተዘግቷል። ለሞተ መርፌ ወጋሁ ብዬ ልፈርም?»

ኃላፊዋ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘንድም ወጥታ ነበር። ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው «ደብዳቤን የሚሽረው ደብዳቤ ነው» አሏት። «የሞተበት ደብዳቤ ቁጥር ይጠቀስ፤ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው ይገለጽ። አለበለዚያ አልፈርምም።»

«ጌታዬ፣ እንስሳው እኮ በመስኮትዎ ይታያል!»

«መታየቱንማ ይታያል። ግን ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? አሟሟቱን አምጪልኝ።»

ደሟ ፈላ። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ወጣች፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤን በላኪው ስም ያስቀምጣል፤ እዚህ ግን በእንስሳው ስም ነው። እንስሳው ሲሞት ፋይሉ በቀይ ክር ታስሮ ምድር ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገልጠው አይጥ ብቻ ነው። በሞቱ አንበሶችና ዝንጀሮዎች መሃል ስታስነጥስ አርፍዳ የሻምበልን አገኘችው።

ከላይ ያለው ባሕር ማዶ ካለ እህት ማኅበር የመጣ ደብዳቤ ነበር፤ ኤሊው በመርከብ እንዲላክለት ይጠይቃል። በኅዳጉ ላይ የያኔው ሊቀ መንበር «ይላክ» ብለው መርተውበታል። ከሥሩ ደግሞ የመልሱ ቅጂ አለ፤ አንድ መስመር ብቻ፦ «የጠየቃችሁት ኤሊ ስለሞተ መላክ አለመቻላችንን እንገልጻለን።» ግርጌው ላይ ያለችውን ትንሽ ፊርማ ስታይ እዚያው ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ያቺን ፊርማ የተማሪ ቤት ካርዷ ላይ ስታያት ነው ያደገችው። የአባቷ ናት።

አባቷ ከእሷ በፊት መዝገብ ቤቱን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይዟል። ፎቶው ከጠረጴዛዋ በላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «በሥራ ዘመኑ አንድ ስህተት ያልተገኘበት» ይላል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ፣ በማኅበሩ መቶኛ ዓመት፣ መዝገብ ቤቱ በስሙ ሊጠራ የበሩ ሰሌዳ ተቀርጾ አልቋል።

ለምሳ ቤት ስትደርስ አባቷ የድሮ ጋዜጣ በቀን በቀኑ እየደረደረ ነበር።

«አባዬ፣ ሻምበልን የገደልከው አንተ ነህ?»

መነጽሩን አወለቀ። «አገኘሽው?» አለ። «ሦስት ወር በመርከብ፣ በሳጥን ውስጥ ልጄ። ከእሱ በፊት ሁለት ልከን ነበር፤ ሳጥኑ ሲከፈት ሁለቱም ሞተው ተገኙ። ለሊቀ መንበሩ ብነግራቸው ‹አንተ ጸሐፊ ነህ፣ ጻፍ› አሉኝ። ጻፍኩ።»

«ታዲያ በኋላስ? ያ የባሕር ማዶ ማኅበር ከፈረሰ እኮ ሃያ ዓመቱ ነው! ማስተካከል አትችልም ነበር?»

«ምን ብዬ? ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው ሊባል አይደል? ፈራሁ።»

አባቷ «ፈራሁ» ሲል ሰምታ አታውቅም። «በቃ፣ ግድ የለም፤ ‹በስህተት› ብዬ እጽፈዋለሁ። ሰው ይሳሳታል፤ ማንም ምንም አይልም።»

አባትየው ብድግ አለ። «ስህተት? እንዳታደርጊው! ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ነጥብ አልሳትኩም። አውቄ ነው የዋሸሁት። ውሸት ነው በይ!»

«አባዬ፣ በፈጠረህ! ስምህን በር ላይ ሊለጥፉልህ እኮ ነው!»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ውሸት ነው በይ። ቁጥሩንም እንዳትረሺ።»

ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች! ጥርሷን ነክሳ ተመለሰችና አባቷ ዋሽቷል ብላ በገዛ እጇ ጻፈች። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ምናለ ‹ስህተት› ብትዪው? ይኼ ከገባ ሰሌዳው አይሰቀልም፤ ፎቶውም ይወርዳል።»

«እሱም ያውቃል» አለች። «ይፈርሙልኝ።»

የፊርማቸው ቀለም ሳይደርቅ ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ወደ ኤሊው ሮጠ። በሦስተኛው ቀን ሊቀ መንበሩ የላኩት ሰው መሰላል ይዞ መጣና ፎቶውን አወረደ፤ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀረ። ሊቀ መንበሩን፣ ደንቡን፣ ያንን ዓይኑን ጨፍኖ ፀሐይ የሚሞቅ ኤሊ፣ ከሁሉም በላይ አባቷን እየረገመች፣ የፎቶውን ነገር እንዴት እንደምትነግረው መንገዱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ቤት ደረሰች።

በሩን ራሱ ከፈተላት።

«አባዬ፣ ፎቶህን አወረዱት።»

«ተዪው ፎቶውን። በላ?»

«በላ። አንድ ጎመን ሙሉ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሳምንቱ ንዴቷ ሁሉ የት እንደገባ አላወቀችም፤ ጀርባውን ያዘችው።

«ቁጥሩን ጠቅሰሻል አይደል?» አላት ሳይዞር።

«ጠቅሻለሁ አባዬ።»