ክዳኖቹ የት ገቡ?

ፀጉር ሠሪዋ ሬዲዮ የበያጁን አከራይ ጭንቅላት ማጠቢያው ላይ አጋድማ ሻምፖውን ማሸት እንደጀመረች ስልኳ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ነዘረ። እጇ እስከ ክንዷ አረፋ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይታገስ ነበር፤ እሷ ግን ወሬ ደጅ ቆማ ስታንኳኳ መታገስ አይሆንላትም።

"እትዬ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይቆዩኝ፤ መጣሁ" አለችና እጇን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ስልኩን አወጣች።

ፎቶ ነው። በያጁ የእጅ ጋሪ እየገፋ ወደ ግቢው ሲገባ ከጀርባው ተነስቷል። ጋሪው ላይ ያለው ነገር ከረጢት ለብሷል፤ ከረጢቱ ያልደረሰበት ጠርዙ ግን ይታያል። ክብ ነው። ብረት ነው። የላከው ጥግ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ሲሆን ከሥሩ "እዩት እንግዲህ" ብሎ ጽፎበታል።

"ጉድ ፈላ!" አለች ሬዲዮ።

"ምንድን ነው? ኧረ ሳሙናው ዓይኔ ገባ!"

"ይግባ እትዬ፤ ይቺን ሳያዩ መታጠብ የለም።"

አከራይዋ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ቀና አሉና ባንድ ዓይናቸው ስልኩን አዩት። "የኔው ተከራይ! አላልኩሽም? የዚህን ልጅ ዓይን አላምነውም አላልኩሽም? ክዳኑ እኮ ነው! የጉድጓዱ ክዳን!"

ሬዲዮ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ እሷም ጠልታው አታውቅም። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ፀጉር ከሚሠራው ይልቅ ወሬ የሚሠራው ይበዛል። የሰፈሩን የቴሌግራም ገጽ የምታስተዳድረውም እሷ ናት። ውሃ መቼ እንደሚጠፋ፣ የማን ውሻ እንደጠፋ፣ የት ቤት ክፍል እንደሚከራይ፣ ማን ታሞ እንደተኛ ሁሉ ከእሷ ይወጣል። በዚህ ሳምንት ግን ወሬው አንድ ብቻ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ካሉት የፍሳሽ ጉድጓዶች የሦስቱ የብረት ክዳን የት እንደገባ አልታወቀም። እሑድ ዕለት ደግሞ ጡረታ የወጡት ሴት አስተማሪ ከእህታቸው ቤት ሲመለሱ አንዱ ውስጥ ገብተው እግራቸው ተሰበረ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሰፈር መሆኑ ቀርቷል። ሰው ጎረቤቱን ሰላም እያለ ዓይኑ በትከሻው ላይ አልፎ ግቢውን ይፈትሻል። ቆሻሻ ሊጥል ከረጢት ይዞ የወጣ ሁሉ "ምን ይዘሃል?" ይባላል። በያጁ ደግሞ ለጥርጣሬ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። የመጣው በቅርቡ ነው፤ ሰላምታው አጭር ነው፤ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ሥራው ደግሞ ብረት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሬዲዮ ፎቶውን ገጹ ላይ ለቀቀችው። "ክዳኖቻችን የት ገቡ? ፎቶውን አይታችሁ ፍረዱ" ብላ ጻፈች። ሌባ አላለችም። እንኳን ስም አላጠፋሁ ብላ ራሷን አመሰገነች።

የአከራይዋን ፀጉር በቢጉዲን ጠቅልላ ሳትጨርስ አስተያየቱ እንደ ጎርፍ መጣ። አንዱ ፖሊስ ይጠራ ይላል፤ አንዱ ቤቱ ይፈተሽ ይላል፤ አንዷ ደግሞ ገና የመጣ ዕለት ነው የጠረጠርኩት ትላለች።

"ዛሬውኑ ዕቃውን ያውጣልኝ" አሉ አከራይዋ። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም አስተማሪዋ የገቡበት ጉድጓድ ጋ ይሰብሰብ ብለሽ ጻፊ። ሰው ባለበት ነው የማስወጣው።"

ኪራይ ጨምር ብለውት እምቢ እንዳላቸው ሬዲዮ ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን ጻፈች።

አከራይዋን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ ሙቀቱን እያስተካከለች ሳለ የባሏ አባት በሩ ላይ ብቅ አሉ። ደነገጠች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው ቢባል ይቀላል። ግቢውን የምትጋራው ከአባቱ ጋር ነው። ሰውዬው የሰፈሩ የጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ነገር ግን ሴቶች የሚሠሩበት ቦታ ምን አግብቶኝ ብለው ፀጉር ቤቷን ረግጠው አያውቁም።

"ማን አዘዘሽ?" አሉ።

"ምኑን አባባ?"

"ፎቶውን ነዋ! አሁኑኑ አጥፊው።"

"ትናንት ሌባው ካልተያዘ እንቅልፍ የለኝም ሲሉ አልነበረም እንዴ?"

"ትናንት ትናንት ነው። ሳይጣራ የሰው ስም አይነካም። አጥፊው ብያለሁ!" ግንባራቸው በላብ ርሷል። ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ካስኩ ሥር ያሉትን አከራይ ሲያዩ ዘግተው ሄዱ።

"ምን ሆነው ነው?" አሉ አከራይዋ፣ የካስኩ ጩኸት ስለሚያደነቁራቸው እየጮኹ።

"እኔ ምን አውቃለሁ!" አለች ሬዲዮ። ነገሩ ግን አላማራትም። ሰውዬው ስለማንም ስም ተጨንቀው አያውቁም። እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ካዩ መታወቂያ ነው የሚጠይቁት። ያለፈው ሳምንት ደግሞ ከበያጁ ቤት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ሲወጡ በዓይኗ አይታቸዋለች። ያኔ ነገሬ አላለችውም። አሁን ግን አላስቀምጥ አላት። ተካፍለው ይሆን? ሰብሳቢው ራሳቸው ከሌባው ጋር?

"እትዬ፣ እስኪደርቅ ይቀመጡልኝ፤ መጣሁ" አለችና ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች።

የበያጁን በር ደጋግማ መታች። ሲከፍት የብየዳ መከላከያውን ግንባሩ ላይ ገፍቶ ቆመ። ፊቱ ጥቀርሻ ነው። ገጹን አይቷል፤ ዓይኑ ይናገራል።

"ልትቀርጪኝ ነው የመጣሽው?" አለ።

"ለመጠየቅ ነው።"

"ፎቶውን ከመልቀቅሽ በፊት ነበር መጠየቅ።" ቢሆንም በሩን ለቀቀላት። "ግቢ፤ ግቢና እያንዳንዱን ጥግ እይው። ጋሪው ላይ የነበረውም ያው።"

አየችው። የውሃ ታንከር ክዳን ነው፤ ማጠፊያው ተሰብሮ ለብየዳ የመጣ። ስስ ነው፤ ባንድ እጁ አንስቶ አሳያት። የጉድጓዱን ክዳን ባንድ እጅ የሚያነሳ ሰው ገና አልተወለደም። ሬዲዮ አንገቷን ደፋች።

"ታዲያ በርህን ለምን ትዘጋለህ?" አለች፣ አንድ ነገር እንኳ እንዲተርፋት ብላ።

"የብየዳ ብርሃን ዓይን ያጠፋል። ልጆች መንገድ ላይ ይጫወታሉ።" ወደ ሥራው ዞረና እንደ ቀላል ነገር "ይልቅ አማትሽ ያሠሩኝ መንጠቆ ሠራላቸው?" አላት።

"የምን መንጠቆ?"

"ከባድ ነገር የሚነሳበት ነዋ። ግቢያችን ውስጥ የተቀበረ የውሃ ቆጣሪ አለ፤ ክዳኑ አልነሳ አለኝ ብለውኝ ነው የሠራሁላቸው።"

ግቢያቸው ውስጥ የተቀበረ ቆጣሪ የለም። ቆጣሪያቸው አጥሩ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሬዲዮ ደህና ዋል ማለቷን እንጃ፤ ወደ ቤቷ ሮጠች።

አማቷን ያገኘቻቸው ግቢያቸው ጓሮ ካለችው የዕቃ ክፍል በር ላይ ነው። በርጩማቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ አዲስ ነው።

"ይክፈቱልኝ አባባ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ይክፈቱልኝ ብያለሁ።"

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራቸው አታውቅም። ትኩር ብለው አዩአትና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ውስጥ ከአሮጌ ጎማና ከቆርቆሮ ቁራጭ ጀርባ፣ ሸራ ሥር፣ ሦስቱም ክዳኖች ተደርድረዋል።

"ሰረቁ?" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አስፈራት።

"አፍሽን ያዢ! እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?" ድምፃቸው ተሰበረ። "እንዳይሰረቁ ብዬ እኮ ነው ያነሳኋቸው። አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው! 'በታችኛው ሰፈር ክዳን በሌባ አለቀ፤ ቀጣዩ ተራ የኛ ነው' ብለሽ። ሰብሳቢ ተብዬ እያየሁ ይሰረቅ? ሌባው ሳይመጣ ቀደምኩት። በሰንሰለት አስበይጄ ልመልሳቸው ነበር።"

"ጉድጓዱን ክፍት ትተው?"

"ክፍት አልተውኩም! ቅርንጫፍ ሰካሁበት። የመንገድ ጠራጊዎቹ ቆሻሻ መስሏቸው አነሱት።"

"ለምን ለሰው አልተናገሩም? ለጥበቃው፣ ለኮሚቴው…"

"ማንን ልመን? ጥበቃው ራሱ ቢሆንስ? ባለ ሱቁስ ቢሆን?"

"ለኔስ?"

"ላንቺማ! አንቺ ሬዲዮ ነሽ።"

ሳቋ መጣ፤ ግን ሳይወጣ እንባ ሆነባት። ሰፈሩን ሁሉ የሚጠረጥሩ ሰው፣ ማንንም ሳያምኑ፣ የሰው እግር አሰበሩ። ያስፈራቻቸው ደግሞ እሷ ናት። ያንን ዜና ስትጽፈው እውነት ይሁን አይሁን አላጣራችም፤ ጥሩ ዜና መሆኑን ብቻ ነበር ያየችው።

"አስተማሪዋ ከወደቁ በኋላስ?" አለች።

"ልነግራት ሄጄ ነበር። ብርቱካን ገዝቼ። እግሯን በጀሶ ተጠቅልሎ ሳየው መናገር አቃተኝ። ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ።" ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ስሚኝ ልጄ። ዛሬ ጨለምለም ሲል ቦታቸው እመልሳቸዋለሁ። አንቺ ፎቶውን አጥፊ። ነገ ሰው ያገኛቸዋል፤ በቃ፣ አለቀ።"

"ሰውስ ምን ይላል?"

"ሌባው ፈርቶ መለሰ ይላላ።"

"የትኛው ሌባ?"

ከመንገዱ በኩል የሰው ጫጫታ መሰማት ጀምሯል። ሰዓቱ ደርሷል።

"ልጁ ወጣት ነው" አሉ በለሆሳስ። "ሌላ ሰፈር ይሠራል። እኔ ግን በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ? ባልሽስ ምን ይላል? ቤታችን እኮ ነው የሚዋረደው።"

እውነታቸውን ነው። ባሏ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ማሰቡ ራሱ አንገበገባት። ደንበኞቿም ነገ ሌላ ፀጉር ቤት ይሄዳሉ፤ ወሬ ስታወራላቸው የነበረች ሴት ራሷ ወሬ ስትሆን ማን ይምራታል? አዘነች፤ ለራሷም ለሰውዬውም አዘነች። ቢሆንም ጎንበስ ብላ አንዱን ክዳን ከጠርዙ አነሳችና በቁሙ ማንከባለል ጀመረች። ክብደቱ ክንዷን ሊገነጥለው ደረሰ።

"ምን ልታደርጊ ነው? ሰው ያይሻል!"

"ይየኝ።"

የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። ጥቂት እንዳንከባለለች ክዳኑ አጋደለባት፤ ሊወድቅ ሲል ከጎኗ ሌላ እጅ ያዘው። አማቷ ናቸው። ኮታቸውን ደርበዋል።

"ብቻሽን ይዘሽ ከወጣሽ የሰረቅሽው አንቺ ትመስያለሽ" አሉ ሳያዩአት።

ሰዉ ጉድጓዱ ዙሪያ ተሰብስቧል። በያጁ መሐል ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አከራይዋ ቢጉዲናቸውን እንኳ ሳያወጡ በሻርፕ ሸፍነውት መጥተው እጃቸውን እያወናጨፉ ይናገራሉ። ክዳኑ እየተንከባለለ ሲመጣ ሁሉም ዞረ።

"ተገኘ!" ብለው ጮኹ አከራይዋ። ስልካቸውን አወጡና መቅረጽ ጀመሩ። "ተጥሎ ነው ያገኛችሁት አይደል? መያዙን ሲያውቅ ወርውሮት ነው! ንገሪያቸው እስቲ ሬዲዮ፣ የት አገኛችሁት?"

አማቷ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ሬዲዮ ያሰባሰበችውን ሰው አየች። "አዎ፣ ተጥሎ" ብትል የማያምናት አንድ ሰው የለም። ውሸቱን እንኳ እሷ አልፈጠረችውም፤ ተሠርቶ ነው የቀረበላት። በያጁ ምን እንደምትል ይጠብቃል።

"አልተጣለም" አለች። "ከኛ ቤት ነው የመጣው። ሌሎቹም እዚያው አሉ። የዚህ ልጅ እጅ የለበትም። ፎቶውን የለቀቅሁት ሳላጣራ ነው።"

አከራይዋ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ እሷን አዩና ስልካቸውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት።

"ስልኩን ያንሱት እትዬ" አለች ሬዲዮ። "ከመጀመሪያው ይቅረጹኝ። እደግመዋለሁ።"