የእትዬ ባፈና ሶፋ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ከነዕቃው የሚከራይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ውሃው በስንት ቀን ይመጣል፣ ቆጣሪው የግል ነው ወይ፣ አከራይዋ ግቢው ውስጥ ይኖራሉ ወይ። ዕቃው መቼ መቼ ከቤት እንደሚወጣ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ደላላ ነኝ፤ ያልተጠየቅኩትን መመለስ ሥራዬ አይደለም።

ቴዎፍሎስንም ያስገባሁት እንዲሁ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የተማረ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ። ቤቱ የእትዬ ባፈና ነው፤ እሳቸውም እዚያው ግቢ ይኖራሉ። ሳሎኑ ውስጥ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ትልቅ ሶፋ አለ፤ በሰፈሩ እንደሱ ያለ የለም። እትዬ ባፈና ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት፣ እኔ እየሰማሁ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ሶፋው ወደ ድንኳን እንደሚሄድ ነገሩት። የእድሩ ወንበር ፕላስቲክ ነው፤ በዚህ ብርድ ደግሞ አዛውንት ፕላስቲክ ላይ አይቀመጥም። ቴዎፍሎስ ችግር የለም አለ። የተማረ ሰው ችግር የለም ሲል አልሰማሁም ማለቱ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው ፍቅር ነው። የሚወዳት ልጅ ሰብለ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። አባቷ ጋሽ ወገኔ የአንኮበር ገበሬ ናቸው፤ ሽማግሌ ቢላክባቸው የልጁን ቤት በዓይኔ ሳላይ እሺ አልልም አሉ። ጎጆውን በራሱ ዕቃ ያልሞላ ወንድ ለእሳቸው ገና ልጅ ነው። ቴዎፍሎስ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ዕቃው ሁሉ የራሴ ነው ብሎ ነበር የላካቸው። ሰብለ እውነቱን ተናገር ብትለው ከሠርጉ በኋላ እናገራለሁ አላት። በሰው ፍቅር አልስቅም፤ በዚህኛው ግን ስቄያለሁ።

ጋሽ ወገኔ በሚመጡበት ቅዳሜ ጠዋት ቴዎፍሎስ ደወለልኝ። ስደርስ ሳሎኑ ባዶ ነው። ከታች በኩል ያሉ አንድ አዛውንት አርፈው፣ እትዬ ባፈና ጎረምሶች አስከትለው ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ምንጣፉን፣ አልጋው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ሳይቀር አውጥተውታል። የቀረው የሶፋው ጀርባ ግድግዳው ላይ የፋቀው መስመር ብቻ ነው። ነግረውህ የለም ወይ አልኩት። እንዲያው ለወጉ ያሉት መስሎት ነበር። አሳዘነኝ፤ እውነቴን ነው።

ጋሽ ወገኔ ከባጃጅ ወርደው ገቡ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሳሎኑ መሀል ቆመው ዙሪያውን አዩ። ቴዎፍሎስ ለቅሶ እንዳለና ዕቃው ድንኳን እንደሄደ እየተንተባተበ ነገራቸው። ሐዘን ካለማ መጀመሪያ እዚያ ነው ብለው ወጡ፤ ተከተልናቸው።

እንግዳም አዛውንትም ናቸውና ድንኳኑ ውስጥ ያስቀመጧቸው ሶፋው ላይ ነው። ጥቂት አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና የሶፋውን ክንድ ዳሰስ አደረጉ።

‹‹ይሄ ያንተ ነው?›› ብለው ቴዎፍሎስን ጠየቁት።

እትዬ ባፈና ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቴዎፍሎስ አዎ አለ። እትዬ ባፈና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሶፋ የሚከራከር ሰው እኛ ሰፈር የለም።

‹‹ቤቱን አራቁቶ ሐዘንተኛ የሚያስቀምጥ ሰው ልጄን አይበድላትም›› አሉ ጋሽ ወገኔ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ከሠርጉ በኋላ ሊነገር የነበረው እውነት ከሠርጉ በኋላም አልተነገረም። ጋሽ ወገኔ የአማቻቸውን ደግነት ለአንኮበር ሰው ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ፤ እንዲህ የተወራለት ሰው አፉን መክፈት ይከብደዋል። ሰብለ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ለራሷ በርጩማ ገዛች።

በዓመቱ ዩኒቨርሲቲው ቤት ሰጣቸው። በሚወጡበት ቀን እኔ አዲስ ተከራይ ይዤ ሄጃለሁ፤ ሰውዬው ጎኔ ቆሞ ስለ ውሃው ይጠይቀኛል። እነሱ ሻንጣና መጻሕፍታቸውን በር ላይ ደርድረው ሳለ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ጋሽ ወገኔ ናቸው፤ ሳይጠሩ፣ ልጆቻቸውን ሊያግዙ ከአንኮበር ድረስ መኪና ይዘው መጡ። ሰላምታ ሰጥተው ጋቢያቸውን አወለቁና በቀጥታ ሶፋው ጋ ሄዱ። በዚያ በኩል ያዝ አሉት።

ቴዎፍሎስ ያዘ። ምን ያድርግ? ሰብለ ፊቷን አዞረች። ግቢው መሀል ሲደርሱ እትዬ ባፈና ከማድ ቤት ብቅ አሉ። ሶፋውን አዩ፣ አይሱዙውን አዩ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

‹‹ደግሞ የማን ለቅሶ ነው?››

‹‹የኔ ነው፣ እትዬ›› አለ ቴዎፍሎስ። ጫፉን አለቀቀም።

ጋሽ ወገኔ አማቻቸውን አዩ፤ ከዚያ እትዬ ባፈናን አዩ። በእሳቸው በኩል ያለውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። እዚያው ግቢው መሀል ሶፋው ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

‹‹ና ተቀመጥ›› አሉት። ‹‹ለቅሶህን ልድረስ።››