እንደ ሰንጋ የተመረጠው ካውያ

መብራት በፈረቃ በሆነበት ዓመት ሶዶ ውስጥ ቦሼ የምትባል ልጅ ነበረች። አምስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምራ፣ ሦስተኛ ጊዜ መምህሩን ላለማስቸገር ብላ የተወች ናት። ምላሷ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል።

የምትሠራው እትዬ አስካለች ዘንድ ነው። እትዬ አስካለች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው፣ ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ የሚለቀመውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በሦስት ማዕዘን እያስቆረጡና እያገጣጠሙ አልጋ ልብስ የሚያሰፉ ሴት ናቸው። ስፌት መኪናው ላይ የምትቀመጠው ማክዳ ናት፤ ዝምተኛ፣ ስፌቷ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ። ቦሼ ደግሞ ጆንያ ውስጥ እስከ ብብቷ ገብታ ቁርጥራጭ ትለያለች፤ ይኼ ቀይ፣ ይኼ ጥቁር፣ ይኼ የማን ሱሪ ቂጥ እንደነበረ የማይታወቅ።

ዓይኗ ያረፈው ግን የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እዚያ ትሠራ የነበረችው ልጅ አግብታ ወደ ሻንቶ ከሄደች ወዲህ ጠረጴዛው ባዶውን ቆሟል። ከጆንያ ወጥቶ እዚያ መቆም ለቦሼ ሹመት ነው።

አንድ ዓርብ እትዬ አስካለች ጠሯት።

«ነገ ገበያ ውጪና ለቁርጥራጮቹ ትንሽ ካውያ ምረጪ። ቀላል ትሁን፤ አፍንጫዋ ሹል፣ ስፌት መሀል የምትገባ። በደንብ ከመረጥሽ ጠረጴዛው ያንቺ ነው። ካልሆነልሽ ጆንያሽ የትም አይሄድም።»

«እትዬ፣ ለዳልጮ ልጅ ስለ መምረጥ ይነገራል?»

ዳልጮ አባቷ ነው። የከብት ደላላ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የሚጫን ድልብ ሰንጋ የሚመርጡ ነጋዴዎች ያለ እሱ ገበያ አይገቡም። ቦሼ ገመድ እየያዘችለት ነው ያደገችው። ስለዚህ እትዬ አስካለች ገና ስለ አፍንጫ ሲያስረዱ፣ እሷ አባቷ በአንድ እይታ ስለመረጠው አንድ በሬ እየተረከችላቸው ነበር።

ቅዳሜ ኤርካሎ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ደረሰች። ሸራው ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ካውያ አለው። አንዷ መዳፍ የምታክል፣ ቀጭን። ሌላው አጭር፣ ደንዳና፣ ከኋላው ሰፊ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው። በዚያ ሰዓት የገበያው ፈረቃ ስላልሆነ መብራት የለም፤ መሞከር አይቻልም። ቦሼም መብራት አላስፈለጋትም። ደንዳናውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። አነሣችው፤ ክንዷ ወደ ታች ወረደ፤ ደስ አላት። ከዚያ ቁጢጥ ብላ ከኋላው ተመለከተችው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ኤርካሎ።

«እያየሁት ነው።»

«በኋላው በኩል?»

«ከፊት ለፊትማ ሁሉም ያምራል፣ ጋሼ።»

«ጥርሱንም ልክፈትልሽ?» ብሎ ትንሿን አነሣላት። «ለቁርጥራጭ ከሆነ ይቺን ውሰጂ። ልብስ ሰፊዎች ለኮሌታ የሚፈልጉት እሷን ነው።»

ቦሼ በሆዷ ሳቀች። አባቷ ሁልጊዜ የሚላት ትዝ አላት፦ ሻጭ በራሱ አፍ ያመሰገነውን በሬ አትንኪው፤ የታመመው እሱ ነው።

«እሷማ ከስታለች። ክረምቱንም አትወጣ» አለችው።

ኤርካሎ ትከሻውን ሰበቀ። «እንዳልሽ። እስከ ማክሰኞ ካልወደድሽው ትቀይሪያለሽ። ከዚያ ወዲያ አላውቅሽም።»

ሰኞ እትዬ አስካለች ካውያውን ሳያዩት ገበር ሊያመጡ ቦዲቲ ሄዱ። የመጣው ሥራ የሰርግ አልጋ ልብስ ነው፤ ሰብለ የምትባል ሙሽራ በሚመጣው እሑድ የምትወስደው። ሥልሳ አራት ሦስት ማዕዘን፣ ግማሹ ነጭ ጥጥ፣ ግማሹ ዱንጉዛ የሚባለው ባለ ሰንበር ሸማ። ዱንጉዛ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ፣ በሰያፍ የቆረጡት እንደሆነ ለሳበው ሁሉ ይታዘዛል። ቦሼ ይህን አታውቅም፤ ሰንጋ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ካውያው ስለከበዳት በሁለት እጇ ያዘችው። ወገቧን ሰበር አድርጋ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ገፋችው፤ መለሰችው፤ ደግሞ ገፋችው። ጨርቁ እንደ ተቀቀለ የቦዬ ሥር ለሰለሰላት። ሃያኛው ላይ ስትደርስ ቁርጥራጮቹ ትንሽ እንዳደጉ አስተዋለች። እሰየው፣ እትዬ ይደሰታሉ፣ አልጋ ልብሱ ሰፊ ሊሆን ነው ብላ የበለጠ ተጫነች።

ከሰዓት በኋላ ማክዳ ከመኪናው ቀና አለች።

«ቦሼ፣ ጫፍ ከጫፍ አልገጥም አለኝ።»

«ሳብ አድርጊው።»

«ስስበው በወዲህ ይተርፋል።»

«እንግዲያው አትሳቢው። ይኼም ምክር ይፈልጋል?»

ማክዳ እንደምንም ጨርሳ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። መሀሉ እንደ ድልብ በሬ ሆድ ተነፍቶ ተነሣ። ቦሼ በእግሯ ተጫነችው፤ በሌላ በኩል ብቅ አለ። እዚያም ሄዳ ተጫነችው። እንዲህ ስታሳድደው እትዬ አስካለች በር ላይ ደረሱ።

ገበሩን አስቀምጠው አልጋ ልብሱን ዞረው አዩት።

«ማክዳ፣ ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ በመጨረሻ። «ስፌትሽ እንዲህ አልነበረም።»

ማክዳ አንገቷን ደፋች። እውነትም የራሷ ጥፋት መስሏት፣ ምላጭ አንሥታ ስፌቱን መፍታት ጀመረች። ቦሼ ነገሩ ገባት። አፏን ከዘጋች ጠረጴዛው የእሷ ነው። ዝም ማለት ለእሷ አዲስ ነገር ነበርና ሞከረችው። የመጀመሪያው መስመር እስኪፈታ ቻለች። ሁለተኛው ላይ ማክዳ «ይቅርታ፣ እትዬ» ስትል ሰማች።

«እሷ አይደለችም፣ እትዬ። እኔ ነኝ። ካውያ ግዢ ተብዬ በሬ ገዝቼ መጣሁ።»

እትዬ አስካለች ካውያውን በአንድ እጃቸው ሊያነሡ ሞክረው በሁለት ያዙት። አንድ ሦስት ማዕዘን ከካርቶን ልኩ ጋር አስተያዩ፤ ጨርቁ አንድ ጣት ተርፎ ወጣ።

«በምን መረጥሽው?»

«በ... በታፋው።»

እትዬ አስካለች ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ትንሽ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ፊታቸውን ሰብስበው ተመለሱ። «ጨርቅ አይታረስም። ካውያውን ታስቀምጪዋለሽ፣ ታነሺዋለሽ። አትገፊውም። ቀላል ይሁን ያልኩሽ ለዚህ ነው።»

«ብለውኝ ነበር?»

«ዓርብ።»

«ዓርብ እኔ እያወራሁ ነበር» አለች ቦሼ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ሰማች።

«ሥልሳ አራቱንም አዲስ ትቆርጫለሽ። ጠረጴዛው ለጊዜው የማንም አይደለም።»

ማክሰኞ ጠዋት፣ መብራት ባለበት ሰዓት፣ ደንዳናውን ልትቀይር በፌስታል ተሸክማ ኤርካሎ ዘንድ ሄደች። በሌላ እጇ የካርቶን ልኩንና ጥቂት የዱንጉዛ ቁርጥራጮች ይዛለች።

«ዛሬስ ከኋላው አታዪም?» አላት።

«ዛሬ አባቴን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

አጠገቡ ያለው ፀጉር ቤት ሶኬት ፈቀደላቸው። ቦሼ ትንሿን ካውያ አስግላ ዱንጉዛው ላይ አስቀመጠቻት፤ አነሣቻት። አስቀመጠቻት፤ አነሣቻት። ሦስት ማዕዘኑን ካርቶኑ ላይ ጣል አደረገችው፤ ጫፍ ለጫፍ ገጠመ። እጥፉ መሀልም አፍንጫዋን አስገብታ አየች። ፀጉር የሚቆረጡት ሰዎች ሁሉ ወደ እሷ ዞረው ይመለከታሉ።

«ክረምቱን ትወጣለች?» አለ ኤርካሎ።

«እሷስ ትወጣለች። እኔን እንጃ።»

ረቡዕ ጠዋት አዲስ ከተቆረጡት አሥሩን ተኩሳ አቀረበች። እትዬ አስካለች እያንዳንዱን ካርቶኑ ላይ አደረጉ። ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

«ይቺን ገፍተሻታል።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ሌላ ቁረጪ።»

ሌላ ቆረጠች፤ ተኮሰች፤ ገጠመ። እትዬ አስካለች የቀሩትን ሃምሳ አራት ቁርጥራጮች ከመደርደሪያው አውርደው ጠረጴዛው ላይ ፊቷ አስቀመጡላት። ጆንያውን ደግሞ በእግራቸው ወደ ጥግ ገፉት።

«እስከ ስድስት ሰዓት መብራት አለ» አሉና ወደ ገበራቸው ተመለሱ።

ማክዳ ከመኪናው ላይ ቀና ብላ ጠበቀች፤ የሚመጣውን ታውቃለችና። ቦሼም የምትለው ነገር ነበራት፤ ረጅም ነገር። ዋጠችው። ካውያዋን አስቀመጠች፤ አነሣች።