አንድ ጎራሹ

ወይዘሮ አስካለማርያም ለልጅ ልጃቸው ዋስ ለመሆን እሺ ያሉት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠመንጃውን ራሳቸው ሊመርጡ።

ካሳሁን በአቃቂ ክር ፋብሪካ የማሽን ጥገና ክፍል ከገባ አራት ዓመቱ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሠራተኞቹ የዒላማ ተኩስ ክበብ ሲያቋቁሙ መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዱ እሱ ሆነ። ክበቡ ግን ለሃያ ሰው ሁለት ጠመንጃ ነበረው፤ ተራ እስኪደርስ እሁዱ ያልቃል። ስለዚህ የራሱን ሊገዛ ተነሳ፤ ለዒላማም፣ ሲመቸው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ለቆቅና ለዝይ የሚሆነውን። ለፈቃዱ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያው ቤት ያለው ዋስ ይጠይቃል። ቤት ያላቸው አያቱ ናቸው። ባለቤታቸው አሻግሬ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ሳሉ የሠሩት ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ካሳሁንም አባቱ በተስቦ ከሞተ ጀምሮ ያደገው እዚያው ነው።

ወይዘሮ አስካለማርያም በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ ሌላ የላቸውም። ለእሱ የማይፈሩት ነገር አልነበረም። የፋብሪካውን ማሽን ቀበቶ ይፈራሉ፤ በደብረ ዘይት መንገድ የሚከንፈውን የጭነት መኪና ይፈራሉ፤ ክረምት ሲገባ ወንዙን ይፈራሉ። አሁን ደግሞ ጠመንጃ መጣባቸው።

«ቆቅ ካማረህ ከገበያ ዶሮ እገዛልሃለሁ» አሉት።

«ዒላማውስ እማማ?»

«ቆርቆሮ ምን በደለህ?»

ካሳሁን ሳቀ። «ይቺ እኮ ትንሽ ናት። ሃያ ሁለት ነው የምትባለው። ጥይቷ የትንሿን ጣትዎን ያህል እንኳ አትሞላም።»

ይኼ ቃል ትንሽ አሳረፋቸው። እሳቸው የሚያውቁት የአሻግሬን ምንሽር ነው፤ ጥይቱ እንደ መሀል ጣት የሚረዝመውን፣ ሲተኮስ ጆሮ የሚደፍነውን። ልጁ እንደሁ እንቢ ካለ እንቢ ነው። እንግዲያው ካልቀረ ጥይቱ በጣም ትንሹን፣ የሚጎርሰውም በጣም ጥቂቱን ይያዝ ብለው በልባቸው ቆረጡ።

ቅዳሜ ጠዋት በባለ ጋሪው በሁንዴ ጋሪ ተሳፍረው ከድልድዩ ማዶ ባሻ ቡልቻ ግቢ ሄዱ። ባሻ ቡልቻ ከጦር ሠራዊት ጡረታ የወጡ፣ ሐይቁ ዳር በማደን የታወቁ ሰው ናቸው። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ሁለት ጠመንጃ እንዲሸጡለት ትቶላቸው ሄዷል።

«አንተ ልጅ፣ ጠመንጃ ልትገዛ ነው ወይስ ሚስት ልታጭ? ሽማግሌ ይዘህ የመጣኸው» አሉ ባሻ፣ ወይዘሮ አስካለማርያምን ከጋሪው እየደገፉ ሲያወርዱ።

«ሚስቲቱንስ አጭቷል። እሷ እንኳ እንደዚህ አላስቸገረችንም» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም።

ሁለቱ ጠመንጃዎች በአጎዛ ላይ ተጋድመው ነበር። አንደኛው አጠር ያለ፣ ቀላል፣ አምስት ጎራሽ ነው። ሁለተኛው ረዘም ብሎ ብረቱ የከበደ፣ አንድ ጎራሽ፤ ቃታውን ወደ ኋላ ስቦ ከፍቶ፣ አንዷን ጥይት በእጅ አግብቶ፣ መልሶ ዘግቶ መተኮስ ብቻ። የካሳሁን ዓይን አምስት ጎራሹ ላይ አረፈ።

«ቆቅ እኮ አትጠብቅም። አንዱን ብስት ሁለተኛውን ቶሎ ማግባት አለብኝ።»

«ከሳትካት ትሂዳ፤ እሷም ልጆች አሏት» አሉ አያቱ።

ባሻ ቡልቻ ከት ብለው ሳቁ። «ክርክር አያስፈልግም። ተኩሶ ማየት ነው።»

ካሳሁን ከክበቡ አሥር ጥይት ፈርሞ ወስዶ ነበር። የተተኮሱትን ባዶ ቀለሆች ቆጥሮ መመለስ አለበት፤ አንድ ቢጎድል ይጠየቃል። የጣሳ ክዳን ባሕር ዛፍ ላይ ተቸነከረ። በሃምሳ እርምጃ ላይ ተንበርክኮ በአጭሩ አምስት ተኮሰ፤ ሁለቱ ክዳኑን ነካኩት፣ ሦስቱ ግንዱን ብቻ ላጡት። በረዥሙ አምስት ተኮሰ። ሄደው ሲያዩት አራቱ ቀዳዳ በአንድ ስሙኒ ሥር የሚሸፈን ሆኖ ተገኘ።

«ክብደቱ ነው፤ እጅህን ያረጋጋዋል» አሉ ባሻ። «ለዒላማ ከዚህ ሌላ አትመኝ። ለአደንም ትከሻህ ይለምደዋል። አንድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ አይቸኩልም፤ አስቦ ነው የሚተኩሰው።»

ካሳሁን ክዳኑን አገላብጦ አየ። ወይዘሮ አስካለማርያም ግን ደስ አላቸው። ድምፁ እንኳ የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር ከሚሰማው አይበልጥም። ደግሞ አንዲት ጥይት ብቻ። በአንዲት ፍሬ ጥይት ምን ይደርሳል?

«ይኼን ይያዝ» አሉ። ካሳሁንም እሺ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያኔ ምንም አልመሰላቸውም። ካሳሁን ጀርባውን ሰጥቶ ከሣሩ ውስጥ ቀለሆቹን ይለቅማል። ባሻ ቡልቻ ረዥሙን ጠመንጃ አነሱ፤ ቃታውን ከፈቱ፤ ከኮታቸው ኪስ አንዲት ፍሬ ጥይት አውጥተው አገቡና ዘጉት። ለወይዘሮ አስካለማርያምም በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው።

«ባዶውን አይሰጥም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይባርክልን» ብለው ወይዘሮ አስካለማርያም በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሉ። የጎረቤት ሰፌድ ሲመለስ ትንሽ እህል ጣል ይደረግበት የለ? አሻግሬም ያንን ምንሽር ሲገዙ የተቀበሉት እንዲሁ ጎርሶ ነው። ለልጁ መንገር ትዝም አላላቸው። እሳቸው ባደጉበት ቤት ጠመንጃ ማለት ጥይት ያለበት ነገር ነው፤ የሚያነሳው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቃታውን ከፍቶ ያያል። ይኼ ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም፤ ምድጃ ያቃጥላል ብሎ እንደ መንገር ነው።

በጆንያ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተመለሱ። ካሳሁን ልያዝልዎት ቢላቸው እምቢ አሉ። እሱ እንዳይደናቀፍ ብለው ነው።

ቤት ሲደርሱ መዓዛ ከሌሊቱ ፈረቃ ወጥታ ትጠብቃቸው ነበር። መዓዛ የካሳሁን እጮኛ ናት፤ እዚያው ፋብሪካ ክር ማጠንጠኛው ላይ ትሠራለች። ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ነው።

«እስቲ ወርቁን አሳየኝ» አለችው።

ወይዘሮ አስካለማርያም ጠመንጃው የሚጠቀለልበት ንጹሕ ጨርቅ ሊፈልጉ ጓዳ ገቡ። ሣጥናቸውን ከፍተው የአሻግሬን አሮጌ እጀ ጠባብ ይቀደድ አይቀደድ እያሉ ሲያመነቱ የልጆቹ ጨዋታ ይሰማቸዋል።

«ይከብዳል እኮ።»

«ሰደፉን ትከሻሽ ላይ አድርጊው። እንደሱ። ጉንጭሽን አስጠጊ። ክበብ ውስጥ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ምላጭ አሳሳብ ነው፤ ሳትነቀንቂ፣ ቀስ አድርገሽ።»

«የት ላይ ላድርገው ታዲያ?»

«እኔ ላይ። ይቺ የኮቴ ቁልፍ ትታይሻለች?»

«ኧረ ተው ካሳሁን፣ ሰው ላይ ደስ አይልም።»

«ባዶ ነው፣ አትፍሪ። አሥሩንም ጨርሻለሁ።»

ባዶ ነው።

ወይዘሮ አስካለማርያም እጀ ጠባቡን እንደያዙ ቆሙ። ቃሉ ገባቸው፤ ግን ወደ እግራቸው እስኪወርድ፣ ወደ አፋቸው እስኪመጣ ዘመን የፈጀ መሰላቸው። አይደለም ሊሉ ፈለጉ። ከአፋቸው የወጣው ግን «መዓዛ» የሚለው ስም ብቻ ነበር፤ እሱም እንደ ዘወትሩ፣ ውሃ አቀብይኝ እንደሚሉበት ድምፅ።

«አቤት» አለች መዓዛ፣ ፊቷን ከነጠመንጃው ወደ ጓዳው መለስ አድርጋ።

ጭራሮው ተሰበረ።

ጓዳው በር ላይ ሲደርሱ ካሳሁን እንደቆመ ነው። መዓዛ ጠመንጃውን እንደያዘች ነው። ባሩድ ይሸታል። ካሳሁን ኮቱን በግራ ጎኑ በኩል ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ከብብቱ ዝቅ ብሎ አተር የምታህል ቀዳዳ፣ ከኋላም ሌላ። ሸሚዙ ግን ንጹሕ ነው። ከበስተጀርባው የግድግዳው ጭቃ ረግፎ የባሕር ዛፍ ማገሩ ይታያል።

ወይዘሮ አስካለማርያም ሄደው ሸሚዙን ዳሰሱት። ከብብቱ እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ መልሰው እስከ ብብቱ። ደም የለም። እጃቸውን አይተው ደግመው ዳሰሱት። በሕይወታቸው ስንቱን ፈርተውለት ነበር። መኪናውን፣ ወንዙን፣ ማሽኑን፣ ይኼንኑ ጠመንጃ ሳይቀር። እሳቸው ራሳቸው በነጠላቸው ተቀብለው ቤት የሚያገቡትን ግን አልፈሩም ነበር።

«እማማ አስካለ፣ ምን ወደቀ?» አለች ጎረቤታቸው ሳፊያ ከአጥሩ ማዶ።

«የሣጥኑ ክዳን ነው» አሉ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመስል አላቸው።

ካሳሁን ጠመንጃውን ከመዓዛ እጅ ተቀብሎ ቃታውን ከፈተ። አንዲት ቀለህ ዘላ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ከኪሱ ሌሎቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ቆጠረ። አሥር። ወለሉ ላይ ያለችው አሥራ አንደኛ ናት። እንደገና ቆጠረ።

«አሥር ነው የወሰድኩት» አለ። «ፈርሜ ነው የወሰድኩት። አሥር ነው የተኮስኩት። ይቺ ከየት መጣች?»

መዓዛ መደቡ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ መሀል ቀብራለች። «ገድዬህ ነበር» አለች። «ገድዬህ ነበር እኮ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ምናልባት አሥራ አንድ ሰጥተውኝ ይሆናል። ምናልባት አንዷን ሳልተኩስ ሌላ...» አንድ ጎራሽ ላይ ሌላ አይገባም፤ እሱም ያውቀዋል። ቢሆንም ራሱን ነቀነቀ። «በቃ። መቁጠር የማይችል ሰው ጠመንጃ አይይዝም። ሰኞ ለፈቃዱ ፖሊስ ጣቢያ አልሄድም። ከክበቡም ስሜን አስፍቃለሁ።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ሰሙት። አሥር ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥተው የለመኑት ይኼንኑ ነበር፤ ልጁ በገዛ አፉ እንዲተወው። አሁን ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ዝም ቢሉ ጠመንጃው ከቤታቸው ይወጣል፣ ልጁ ይተርፋል፣ ማንም አያውቅም። ባሻ ቡልቻ እንደሆኑ ይኼን አይጠይቁም፤ ለእሳቸውም የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

መዓዛን አዩዋት። እጇን ከጭኗ መሀል አላወጣችም። ይቺ ልጅ ምላጩን የሳበውን ጣቷን ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ልትኖር ነው።

«ቁጥርህ ትክክል ነው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«አሥር ነው። አሥራ አንደኛዋን ባሻ ቡልቻ ናቸው ያገቧት። ባዶውን አይሰጥም ብለው። አንተ ቀለህ ስትለቅም። እኔ እያየሁ።»

ካሳሁን ቀለሆቹን ትቶ ቀና አለ። «እርስዎ እያዩ?»

«መርቄ ነው የተቀበልኳቸው።» መዓዛ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «በጋሪው ላይ እዚህ ጭኔ ላይ ነበር፣ አፉ ወደ ሁንዴ ጀርባ ዞሮ። ይኼን ሁሉ መንገድ። ትከፍተዋለህ ብዬ ነው። በእኛ ጊዜ ሳይከፍት የሚያነሳ የለም። ትከፍተዋለህ ብዬ ነው፣ ካሴ።»

ልጁ የሚያውቃቸውን ሴትዮ የሚፈልግ ይመስል ፊታቸውን ትክ ብሎ አየ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከወንዙ ዳር እጁን ይዘው የሚመልሱትን፣ ትኩስ ሻይ እንኳ ራሳቸው ሳይቀምሱ የማይሰጡትን ሴትዮ።

«ይነግሩኝ ነበራ» አለ በመጨረሻ።

«እሳቸው አልነገሩህም» አለች መዓዛ፣ ቀና ሳትል። «አንተም አልከፈትክም። ባዶ ነው አልከኝ እንጂ ከፍተህ አላሳየኸኝም። ክበቡ ውስጥ እንደዚህ ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ካሳሁን ጠመንጃውን ቃታው እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና አፉን ወደ ግድግዳው አዞረው። ባዶ መሆኑን እያየም ቢሆን አዞረው።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ሊሄዱ ቀጠሮ ነበራቸው። ለጣቢያው አዛዥ ለሻምበሉ የሚሰጠው የዋስትና ወረቀት ተጽፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ የጎደለው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው።

«አይፈርሙልኝም ማለት ነው» አለ ካሳሁን።

«ሰኞ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። አሁንም እጃቸው አላረፈም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። «ግን ዛሬ የሆነውን አንድም ሳላስቀር ለሻምበሉ ሳልናገር አልፈርምም። እኔ ያደረግኩትንም፣ አንተ ያላደረግከውንም። ዋስ ማለት እሱ ነው። ሰምተው እሺ ካሉ እፈርማለሁ።»

«ከነገሯቸው አይሰጡኝም።»

«እንግዲያስ አይስጡህ።»

የፋብሪካው ጡሩምባ ጮኸ። የከሰዓቱ ፈረቃ ሊገባ ሰዓት ደርሷል፤ ካሳሁንም ዛሬ ተረኛ ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም ተነሥተው ኮቱን በእጅጌው ያዙት።

«አውልቀው። ክር አለኝ፣ አንድ አፍታ ነው፤ ሰው እንዳያየው።»

ካሳሁን እጃቸውን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ። ቀዳዳው ላይ ጣቱን አኖረና እንደገና አነሣ።

«ይቅር እማማ፣ አይስፉት» አለ። «ሰኞ እሱንም ለብሼ እመጣለሁ። ሻምበሉ ይዩት።»